ነቢዩ ኔቪል እና የሚስቱ አምስት በመቶ

ኔቪል ብራድሾው ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሥራው አውቶቡስ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ የሚገልጸውን ሰሌዳ ማውጣት ነበር። አውቶቡሶቹ በሰሌዳው መሠረት መጥተው አያውቁም፤ ኔቪል ግን ጥፋቱ የአውቶቡሶቹ ነው ባይ ነው። ምርጫ ሲደርስ ደግሞ ስድስት መቶ ሃምሳውን የፓርላማ ወንበር ማን ማን እንደሚወስደው አንድ በአንድ ይተነብያል። በዚህስ አይታማም፤ ቢስት ቢስት ሃያ ቢሆን ነው። ወረቀቱ ኦልድክላፍ ከተማ ውስጥ በሴድሪክ መጠጥ ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሰዉም «ነቢዩ» ይለዋል። ስሙን ወዶታል፤ ማን ይጠላል!

ዘዴው ቀላል ነው። በየከተማው ያሉ የድሮ የአውቶቡስ ባልደረቦቹ የየሰፈሩን ወሬ በስልክ ያቀብሉታል፤ እሱ ይቀንሰዋል። የዚህ አገር ሰው ድምፅ ልለምን ብሎ ደጁ ለቆመ ሁሉ «እንዴታ፣ እርስዎን ነው የምመርጠው» ብሎ በፈገግታ ይሸኛል። ቀጥሎ ለሚመጣው ተቀናቃኝም ያንኑ ይደግምለታል። እውነቱን የሚናገር ቢኖር በሩን ፊትህ ላይ የሚዘጋው ብቻ ነው። ስለዚህ ኔቪል ከአሥር «እንዴታ» ሦስቱን ያስቀርና ሰባቱን ይጥላል።

ዘንድሮ ግን ጣጣ መጣ፤ ሚስቱ ግዌንዳ ራሷ ለከተማው የፓርላማ ወንበር ተወዳደረች። የከተማው ምክር ቤት መዋኛውን ሊዘጋ ነው ሲባል ደሟ ፈላና በግሏ ቀረበች። ለመወዳደር አምስት መቶ ፓውንድ በመያዣነት ይቀመጣል፤ ከጠቅላላው ድምፅ ከአምስት በመቶ በላይ ያላገኘ ሰው ይወረስበታል። እንደማታሸንፍ ታውቃለች፣ ሞኝ አይደለችም። የምትፈልገው አምስቱን በመቶ ማለፍ ነበር። ካለፈች ምክር ቤቱ ይፈራል፤ ካላለፈች መዋኛውም ይዘጋል፣ እሷም የከተማው መሳቂያ ሆና ትቀራለች።

«እኔን ብቻ ተወኝ፤ ወረቀትህ ላይ አትጻፈኝ» አለችው።

«ስድስት መቶ አርባ ዘጠኝ ወንበር የሚተነብይ ነቢይ የት አገር አለ?» አላትና፣ «ከአምስት በመቶ በጥቂቱ ታንሳለች» ብሎ ለጠፈው። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ ይሄ ጉድ ለገዛ ሚስቱ አሳነሰ። ግዌንዳም ሦስት ቀን ሙሉ ዘጋችው።

ለእርቅ ይሁን ብሎ በምርጫው ዕለት ሊሠራላት ተነሣ። ከምርጫ ጣቢያው በር ላይ ወንበር ዘርግተው፣ የመጣውን ሰው ስም ከመራጮች ዝርዝር ላይ የሚሰርዙ ፈቃደኞች አሉ፤ የቀረውን ሄደው ይጎተጉቱታል። ኔቪል ጠዋት በሩ ሲከፈት ተቀምጦ ማታ ሲዘጋ ተነሣ። ውሻ ይዞ የመጣውን ሰረዘ፣ በፒጃማ የመጣውን ሰረዘ፣ ሊጸዳዳ እንኳ የተነሣው ሁለቴ ነው። ዝርዝሩን በብብቱ ይዞ፣ የሚገባውን ያደረገ ባል ሆኖ ወደ ቤቱ ገባ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ በስፖርት አዳራሹ ቆጠራው አለቀ። ግዌንዳ መድረኩ ላይ የቆመችው እንደ ርግብ ለብሶ ከተወዳደረ ሰውዬ አጠገብ ነው፤ ርግብ የማይወዳደርበት ምርጫማ ምኑን ምርጫ ሆነ! የምርጫ ሹሟ ውጤቱን አነበበች። ርግቡ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ። ግዌንዳ ሁለት ሺህ አንድ መቶ። ባለሙያዎቹ አሰሉ፣ እንደገና አሰሉ። አምስቱን በመቶ ለማለፍ አንድ ድምፅ ጎደላት። አንዲት ድምፅ!

ግዌንዳ ከመድረኩ ወረደች። ላባ የለበሰው እንኳ መያዣው ሲመለስለት የእሷ ተወረሰ።

ኔቪል በንዴት ጦፈ። ሳይመርጥ ቀርቶ እምነት ያጎደለውን ሰው ካላገኘሁ ብሎ ዝርዝሩን ከኪሱ አወጣና እዚያው አዳራሹ ውስጥ ቆሞ የራሳቸውን መንገድ ስሞች በየቤት ቁጥሩ ይፈትሽ ጀመር፤ ግዌንዳም በትከሻው በኩል አብራ ታያለች። የአሥር ቁጥሩ ሽማግሌ ተሰርዟል። የአሥራ ሁለት ቁጥሮቹ ባልና ሚስት ተሰርዘዋል። አሥራ አራት ቁጥር፦ ግዌንዳ ብራድሾው፣ ተሰርዛለች። ኔቪል ብራድሾው፣ አልተሰረዘም።

ጣቱ እዚያው ስሙ ላይ ቀረ።

«ከሳጥኑ ሦስት እርምጃ ላይ» አለች ግዌንዳ ቀስ ብላ፣ «አሥራ አምስት ሰዓት ሙሉ።» አልጮኸችም፤ ብትጮህ በወደደ። የመኪናውን ቁልፍ ከእጁ ወስዳ ወጣች።

ኔቪል በሕይወቱ እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ተከትሏት ሊሮጥ ሲል ሴድሪክ ከኋላው መጥቶ አቀፈውና፣ አዳራሹ ሁሉ እስኪሰማ፣ «ብለህ ነበር እኮ! ልክ እንዳልከው ሆነ፣ ነቢዩ! እንኳን ደስ ያለህ» አለው።