ሾርባውን ማን ይቅመሰው

"የታይላንድ ነው ያልሽኝ?" አስተናጋጁ ጉሉማ ጠረጴዛ የሚጠርግበትን ጨርቅ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ዙቤዳን ከላይ እስከ ታች አያት። "እህቴ፣ ዛሬ እኮ የሀበሻውንም ምግብ በቅጡ አልሠራንም።"

"ሜኑው ላይ ተጽፏል" አለች ዙቤዳ። በላስቲክ የተለበጠውን ወረቀት በጣቷ ነካችው። ከፒዛው በታች "የታይ ሾርባ በዶሮ" ይላል።

"ሜኑውማ አዲስ አበባ ካለ ሆቴል የተቀዳ ነው። ባለቤቱ አንድ መስመር ሳይቀንስ አሳትሞት መጣ። እዚያ ላይ ካለው ግማሹን እኔም በዓይኔ አይቼው አላውቅም።"

ዙቤዳ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ይሄ አራተኛው ሆቴል ነው። ሦስቱን ሮቤ ላይ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ጀምራ አዳርሳቸዋለች። አንዱ ስፓጌቲ እንሥራልሽ አላት፣ አንዱ ኩሽናውን ዘግቶ ቀለም እያስቀባ ነበር፣ ሦስተኛው ደግሞ ሳቀባት። ከዚያ በሚኒባስ ጎባ ወጣች። ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመዋል። የከተማው ግማሽ እስከ መግሪብ አፉን ዘግቷል፣ ሌላው ግማሽ ከሽሮና ከምስር አያልፍም። በዚህ መሀል የዶሮ ሾርባ፣ ያውም የታይላንድ፣ ብሎ ሆቴል ለሆቴል የሚዞር ሰው ጤንነቱ ቢያጠራጥር አይፈረድም።

"የምፈልገው ለበሽተኛ ነው" አለችው።

በሽተኛው አባቷ ሐጂ አብዱልሃኪም ናቸው። ከሦስት ወር በፊት ወንድሟ ቶፊቅ ባንኮክ ወስዶ አንጀታቸውን አሳክሟቸዋል። ቀዶ ጥገናው ተሳክቷል፣ ቀሪውን መድኃኒት አዲስ አበባ እየተመላለሱ ይወስዳሉ። ችግሩ ምግብ ነው። ሐኪሙ በትንሽ በትንሹ በቀን ስድስት ጊዜ ይብሉ ብሏል፣ እሳቸው ግን አፌ መረረኝ ካሉ ሰንብተዋል። ቀን ያቀረበችላቸው አጥሚት እንዳለ ይመለሳል፣ ማታ ሁለት ሦስት ማንኪያ ወስደው ሆዴ አልቻለም ይላሉ። ቀጠሮው ሐሙስ ነው። ክብደታቸው ከሃምሳ ኪሎ ከወረደ መድኃኒቱ ይቋረጣል ተብሏል። ትናንት ፋርማሲ ወስዳ ስታስመዝናቸው ሃምሳ ኪሎ ከግማሽ ነበሩ። ዛሬ ማክሰኞ ነው።

ጧት አጥሚቱን ይዛ ስትለምናቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ "ባንኮክ ሆስፒታሉ ጎን እስላሞች የሚሠሩት ሾርባ ነበር። ጎምዘዝ የሚል፣ ቃጠል የሚያደርግ። እሱ ቢሆን እበላ ነበር" አሏት። ይህንን ሰምታ የጨርቅ ሱቋን ሳትከፍት ወጣች።

ለቶፊቅ ስትደውልለት፣ "ስልኬ ላይ ፈልጌልሻለሁ" ብሏት ነበር። "ለሮቤ የሚቀርበው የታይ ምግብ ቤት አራት መቶ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ቦሌ።"

"አንተ ለቦሌ ቅርብ ነህ። ገዝተህ ላክልኝ።"

"ዙቢ፣ ሾርባ በአውቶቡስ ይላካል?"

ስልኩን ዘግታበታለች። ቶፊቅ ክፉ ልጅ አይደለም። ግን አባቷን ሊጠይቅ የገባ ሰው ሁሉ "አላህ ቶፊቅን ያኑርልዎ፣ ባሕር ተሻግሮ አሳከመዎት" እያለ መርቆ ይወጣል። ሌሊት አንሶላ የምትቀይረው፣ ባልዲውን የምትደፋው፣ ትዳሯ ፈርሶ ወደ አባቷ ቤት የተመለሰችው ዙቤዳ የምትመረቅበት ቀን ገና አልመጣም። ደክሟታል። ድካሙ እንቅልፍ የሚያወጣው ዓይነት አይደለም።

ጉሉማ ፊቷን ሲያይ አዘነላትና ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ለባለቤቱ እንዳትነግሪብኝ። ከጎባ መውጫ፣ ወደ ተራራው በሚወስደው መንገድ የእንግዳ ማረፊያ አለ። እዚያ እኅተማርያም የምትባል ወጥ ቤት አለች። ዱባይ ስድስት ዓመት ታይላንዶች ምግብ ቤት ውስጥ ነው የሠራችው። ፈረንጆቹ ከተራራው ሲወርዱ እሷ ጋ ነው የሚበሉት።"

"ገለቶሚ፣ ወንድሜ" ብላ አመስግናው ወጣች።

እኅተማርያም በአርባዎቹ መሀል ያለች፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ የጠቀለለች ሴት ናት። ድንች እየላጠች የዙቤዳን ታሪክ እስከ መጨረሻው ሰማችና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

"ነጩ ነው ወይስ ጥርት ያለው?"

"ምኑ?"

"ሾርባው ነዋ። አንደኛው በኮኮናት ወተት ይነጣል። ሌላኛው ጥርት ያለ ነው፣ ላዩ ላይ ብቻ ቀላ ያለ ዘይት ይንሳፈፋል።"

ዙቤዳ ኩርፊያዋን ዋጥ አድርጋ ለቶፊቅ ደወለች። ጥርት ያለው ነው አላት።

"ተመስገን፤ ኮኮናቱን ከየት አመጣው ነበር" አለች እኅተማርያም። "እንግዲህ ዝንጅብል፣ ሎሚ፣ ቃሪያ አለኝ። የዓሣ መረቁ የለም፣ በጨው እናልፈዋለን። ጠጅ ሣር ገበያ ፈልጊ፣ ከደሎ መና የሚመጡት ነጋዴዎች አያጡም። ዶሮዋን በእናንተ ሰው አሳርደሽ አምጪ። ድስትም አምጪ።"

"ድስት?"

"በጾም ድስቴ ዶሮ አልቀቅልበትም። አንቺስ ብትሆኚ በእኔ ድስት የተሠራ ለሐጂ አቅርበሽ እንቅልፍ ይወስድሻል?"

ዙቤዳ ባጃጅ ውስጥ ሆና ይህንን እንዴት አድርጌ ልንገራት እያለች ስትጨነቅ ነው የመጣችው። ደረቷ ቀለል አላት።

ጠጅ ሣሩን ያገኘችው ቤት ለመጎዝጎዝ ከሚሸጡ ሴቶች ነው። ለሾርባ ነው ስትላቸው እርስ በርሳቸው ተያዩ። ዶሮዋን መስጊድ በር ላይ አንድ ሽማግሌ ቢስሚላህ ብለው አረዱላት። "ለኢፍጣር ነው ልጄ?" ሲሏት "አዎ" አለች። ድስቱን ከአልሙኒየም ነጋዴ ሳትከራከር ገዛች። ሁሉንም ይዛ ወደ ማረፊያው ተመለሰች።

እኅተማርያም ሳታወራ ነው የምትሠራው። ዶሮዋን ቀቅላ አወጣች፣ ጠጅ ሣሩን በቢላዋ ጀርባ ቀጥቅጣ ከነዝንጅብሉ መረቁ ውስጥ ጣለችው፣ ዶሮዋን በእጇ በጣጥሳ ጨመረች፣ ቃሪያውን ሰንጥቃ ከዘይትና ከትንሽ በርበሬ ጋር ለብቻው አቁላልታ ላዩ ላይ አፈሰሰችው። ሎሚውን እሳቱን ካጠፋች በኋላ ጨመቀች። ማንኪያ አነሣችና መልሳ አስቀመጠችው።

"አሁን ችግር መጣ። ማን ይቅመሰው?"

ዙቤዳ ጎንበስ ብላ ድስቱን አየችው።

"እኔ ሁዳዴ ነኝ። ባልሆንም የእናንተ እርድ ነው። አንቺም ጾመኛ ነሽ። ሳይቀመስ ደግሞ ይሄ ሾርባ አይሰጥም። ሎሚውና ጨው ካልተስማሙ የመኪና ባትሪ ውኃ ነው የሚሆነው።"

ዙቤዳ የኩሽናውን በር ዘወር ብላ አየችው። ከእነሱ በቀር ማንም የለም።

"ዛሬ ጾም የለብኝም" አለች። "ሦስተኛ ቀኔ ነው።"

እኅተማርያም የወር አበባዋ መሆኑ ወዲያው ገባት። "ታዲያ ቀኑን ሙሉ ባዶ ሆድሽን ነው የዞርሽው?"

"የት ልብላ? ሱቅ ጎረቤቶቼ አሉ። ቤት አባ አሉ። ሌሊት ለሱሁር እነሣለሁ፣ እንዲሰሙኝ ዕቃ አንኳኳለሁ። ቀን ሲያዩኝ ከንፈሬ ደርቆ እንዲያገኙት ውኃም አልጠጣም።"

"እናትሽስ?"

"ሞተዋል። እሳቸው በነበሩ ጊዜ ጓዳ ሸሽገው ያበሉኝ ነበር።"

እኅተማርያም ማንኪያውን አቀበለቻት። ዙቤዳ ቀመሰች። መጀመሪያ ጆሮዋ ድረስ ጎመዘዛት፣ ከዚያ ምላሷ ነደደ፣ ከዚያ ሙቀቱ ቁልቁል ወረደ። ዓይኗ እንባ ሞላ። ቃሪያው ይሁን ሌላ ነገር፣ እሷም አልለየችውም።

"ምን ልበልሽ?" አለች ዙቤዳ።

"ምንም አትበይ፣ ፊትሽን አየሁት። ጨው ያንሰዋል።" ጨመረችና እንደገና አስቀመሰቻት። "አሁን አልተጨማደድሽም። በቃ፣ ደርሷል። ቁጭ በዪና አንድ ሳህን ጠጪ።"

"የአባ ነው" አለች ዙቤዳ፣ ድስቱን በሻርፗ እየጠቀለለች።

በመመለሻው ሚኒባስ ድስቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ሽታው መኪናውን ሞላው። ጾመኛው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ወደ መስኮት ዞረ። ሾፌሩ በመስተዋቱ እያያት፣ "እህት፣ እኛን ለመፈተን ነው የተላክሽው?" ሲል ሰው ሳቀ። ዙቤዳ ይቅርታ እየጠየቀች ሮቤ ደረሰች። አሥር ሰዓት ሆኖ ነበር።

አባቷ ሳሎን ፍራሻቸው ላይ በጎናቸው ተጋድመው ሙስበሃቸውን ይቆጥራሉ። ሊጠይቅ የሚመጣው ሰው የሚቀመጥባቸው ትራሶች በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል።

"አካም ኦልተን፣ አባ?"

"ፈያ፣ አልሐምዱሊላህ። የት ጠፋሽ?"

መልስ ሳትሰጥ ድስቱን ከፈተችው። አባቷ ራሳቸውን ቀና አደረጉ። አሸተቱ። ወደ ድስቱ አዩና ወደ እሷ አዩ።

"ከየት አመጣሽው?"

"ከጎባ።"

"ከጎባ!" ሳቁ። ከስንት ጊዜ በኋላ የሳቁት ሳቅ ነው፤ መጨረሻው ሳል ሆነ። ከዚያ ግን መልሰው ጋደም አሉ። "ክደኚው። ለኢፍጣር ይሁን።"

"አባ፣ ኢፍጣር ሁለት ሰዓት ተኩል ቀርቶታል። እርስዎ በሽተኛ ነዎት። ኢማሙ ራሳቸው እዚህ ቁጭ ብለው አላህ ፈቅዶልዎታል አላሉም?"

"ብለዋል። አውቃለሁም። ለስንቱ በሽተኛ እኔ ራሴ ነግሬያለሁ።"

"ታዲያ?"

ሐጂ አብዱልሃኪም ሙስበሃውን ደረታቸው ላይ አስቀመጡት። "ባንኮክ ቢሆን ማንም አያውቀኝም። እዚህ ቤት ግን በሩ አይዘጋም። ጾሞ፣ ደክሞት፣ ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው ፊት ማንኪያ ይዤ ልቀመጥ? ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አንድ ቀን ገድፌ አላውቅም።"

"እሱ ቢሆን እበላ ነበር አላሉኝም?"

"ሮቤ ላይ የታይላንድ ሾርባ ይገኛል ብዬ መቼ አሰብኩ? አይገኝም ብዬ እኮ ነው ያልኩሽ።"

ዙቤዳ ተናደደች። አራቱ ሆቴሎች፣ ዶሮዋ፣ ድስቱ፣ የሚኒባሱ ሳቅ በአንድ ላይ መጡባት። ድስቱን አንሥታ ግቢው መሀል ልትደፋው ምንም አልቀራትም። ዛሬ ረመዳን አሥራ አንደኛ ቀኑ ነው፤ አፌ መረረኝ ማለት የጀመሩትም ጨረቃዋ የታየች ማግስት ነው። ይህንን ያህል ግልጽ ነገር እንዴት አላየሁም ብላ በራሷም ተናደደች። ከዚያ ንዴቷ አለቀባት። እሷስ ሦስት ቀን ሙሉ ምን ስታደርግ ነበር? አንድ ቤት ውስጥ አላህ ብሉ ያላቸው ሁለት ሰዎች እርስ በርስ እየተፋፈሩ ተርበው ከርመዋል።

ጓዳ ገባች። ሁለት ሳህንና ሁለት ማንኪያ ይዛ ወጣች። ለሁለቱም ቀድታ፣ አንዱን አባቷ ፊት አስቀምጣ፣ ሌላውን ይዛ እግሯን አጥፋ ተቀመጠችና ፊት ለፊታቸው መብላት ጀመረች።

"ዙቤዳ!" አባቷ በክርናቸው ተደግፈው ተነሡ። "ምን እያደረግሽ ነው?"

"እየበላሁ ነው አባ። ዛሬ አልጾምኩም።" ዓይኗን ከሳህኑ ላይ አነሣች። "ትናንትም አልጾምኩም። ከትናንት ወዲያም።"

አባቷ ቀናቱን በልባቸው ቆጠሩ። ከዚያ ገባቸው። ጆሯቸው ድረስ ቀልተው ወደ ጉልበታቸው አቀረቀሩ። አባትና ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ተነጋግረው አያውቁም። እጃቸው ወደ ማንኪያው ቀስ ብሎ ሄደ።

ይሄኔ የግቢው በር ተንቋቋ።

"አሰላሙ ዓለይኩም! ሐጂ እንዴት ዋሉ?" ጎረቤታቸው ጁሀራ ናት። እንደ ሁልጊዜዋ መልስ ሳትጠብቅ ወደ ሳሎኑ እየመጣች ነው። የሐጂ አብዱልሃኪም እጅ ማንኪያውን ለቆ ብርድ ልብሱ ሥር ገባ።

ድስቱን ለመክደን፣ ሳህኖቹን ትራስ ሥር ለመግፋት ጊዜ ነበር። ዙቤዳ ግን ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

"ወዓለይኩም ሰላም፣ ጁሀራ!" አለች ጮክ ብላ። "እየበላሁ ነው። ትንሽ ቆይተሽ ነይ!"

እርምጃው ደጃፉ ላይ ቆመ። ከዚያ ጁሀራ ዝግ ባለ ድምፅ "እሺ፣ እሺ" አለች፣ የግቢውም በር ተመልሶ ተዘጋ። የዙቤዳ ፊት እንደ እሳት ይነዳል። ማታ መስጊድ በር ላይ ሴቶቹ የሚሉትን ከአሁኑ ሰማችው። ሾርባዋን መብላቷን ቀጠለች።

ሐጂ አብዱልሃኪም እጃቸውን ከብርድ ልብሱ ሥር አወጡ። "ቢስሚላህ" አሉ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ።