«ኖታ የሚያነብ አለ?»

በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት መስከረም ሲያልቅ የከተማው ሲምፎኒ ኦርኬስትራ በየቀበሌው እየዞረ ከሰፈር ሰው ጋር እንዲጫወት ተወሰነ፤ የኮልፌም ተራ ደረሰ። ደሜ ወሬውን የሰማችው ከአስራ ስምንት ማዞሪያ ወረድ ብሎ ባለው፣ በምትሠራበት ወፍጮ ቤት፣ ጤፍ እየመዘነች ስትቀበል ነው። የነገሯት ጎረቤቷ ወይዘሮ አበበች ናቸው፤ የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ስለሆኑ ቤት ለቤት ሲዞሩ ነበር የዋሉት።

«ቅዳሜ ስምንት ሰዓት አዳራሽ! ከየቤቱ አንድ ሰው አብሯቸው ይዘፍናል። አልመጣም ማለት የለም።»

«እትዬ አበበች፣ እኔ እኮ ዘፈን አላውቅም።»

ወይዘሮ አበበች በዓይናቸው ጥግ አዩዋት። ሁለቱን ቤት የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ድሮ እሑድ ጠዋት ደሜና ባሏ ነገሬ ወደ ጸሎት ቤታቸው ለመሄድ ሲለባብሱ፣ እሷ ከላይ እሱ ከታች ሆነው ሲዘምሩ፣ ወይዘሮ አበበች ከቅዳሴ ተመልሰው በአጥሩ ወዲያ ቆመው ይሰሙ ነበር። ከዚያ ጸሎት ቤቱ በመንግሥት ትእዛዝ ታሸገ። ነገሬ አራት ወር ታሰረ። ከተፈታ ወዲህ አየር ጤና ጋራዥ ሠርቶ ይመጣል፣ ራቱን በልቶ ይተኛል፤ ከዚያ ቤት ዜማ ከተሰማ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው።

ቅዳሜ ሙዚቀኞቹ ከነመሣሪያቸው ከጭነት መኪና ወረዱ። ሰዉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግቶ ሲጠብቅ፣ ቼሎ የሚባለውን ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ የያዘው ሰውዬ ገና በሩን ሲያልፍ አንዷ ሴት፣ «ይሄ ማሲንቆ ምን እየበላ ነው እንዲህ የወፈረው?» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የኦርኬስትራው መሪ መኳንንት የሚባል መነጽር ያደረገ ቀጭን ወጣት ነው፤ ሳቁ እሱንም ያዘው። ሴትዮዋን ወደፊት ጠርቶ ቀስቱን አስያዛትና ክሩን ራሷ አስጮኸችው። ከዚያ በኋላ ሰዉ ከሙዚቀኞቹ ጋር ለመድ አለ።

መኳንንት የአንድ የአዝመራ ዘፈን ዜማ በአራት ድምፅ ጽፎ ያመጣበትን ወረቀት አደለና፣ «ኖታ የሚያነብ አለ?» ሲል ጠየቀ።

ደሜ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ቀበረች።

«ግድ የለም፣ በጆሯችሁ ትይዙታላችሁ» አለና ፅጌ የምትባለውን ቫዮሊን ተጫዋች ሁለተኛውን ድምፅ እንድታሰማ አደረገ። ፅጌ መጫወት ስትጀምር የደሜ ዓይን ወረቀቱ ላይ ወርዶ ከዜማው ጋር መሄድ ጀመረ። ፅጌ ገጽ ልትገልጥ ቀስቷን አነሳች። ዜማው ግን አልቆመም፤ ከሦስተኛው አግዳሚ ወንበር ቀጠለ። ደሜ የራሷ ድምፅ መሆኑን ያወቀችው ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያት ነው።

መኳንንት ፊቱ በራ። «እህቴ፣ ያነባሉ ለካ! የት ተማሩ?»

ክፋት አስቦ አልነበረም። በታሸገው ጸሎት ቤት መማሯን ግን ከእንግዶቹ በቀር አዳራሹ ውስጥ የማያውቅ የለም። የቀበሌው ሊቀመንበር ዳኛቸው ከጥግ ተቀምጦ ማስታወሻ ሲይዝ ነበርና እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀና አለ። ደሜ ወረቀቱን አጥፋ ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገች።

ወይዘሮ አበበች ብድግ አሉ።

«የት ትማራለች? መሠረተ ትምህርት ነዋ!»

«መሠረተ ትምህርት ላይ ኖታ አለ እንዴ፣ እትዬ?» አለ ዳኛቸው ቀስ ብሎ።

«እኔ በስድሳ ዓመቴ ሀሁ ከለየሁ፣ እሷ በጉብዝናዋ ኖታ ብትለይ ምን ይገርማል? ወይስ ጓድ፣ መሠረተ ትምህርቱ አላስተማረንም በሉ ሊሉን ነው?»

ዳኛቸው ወይዘሮ አበበችን አየ፤ ደሜን አየ። ከዚያ እስክሪብቶውን ደረት ኪሱ ውስጥ ሰካ። «እንደሱ አልወጣኝም። ይቀጥል!» አለ። ፈርቶ ይሁን አዝኖላት፣ ደሜ እስከ ዛሬ አታውቅም።

ማታ ለነገሬ ስትነግረው እጁን ከጋራዡ ግራሶ እየታጠበ ነበር። «ስምሽን ጻፉት?» አላት።

«አልጻፉም።»

«ተመልሰሽ ልትሄጂ ነው?»

«እትዬ አበበች ለኔ ብለው ሰው ፊት ዋሽተው፣ እንዴት እቀራለሁ?»

ነገሬ እጁ ከጠራም በኋላ ገና እየታጠበ ቆየ።

ስድስት ቅዳሜ ተለማመዱ። ደሜ ሁለተኛውን ድምፅ ለሴቶቹ ታስጠናለች፤ ፅጌ አጠገቧ ተቀምጣ ትደግፋታለች፣ በእረፍት ሰዓት ቆሏቸውን አብራቸው ትቆረጥማለች። ሰባተኛው ሳምንት እሑድ ትርኢቱ ሆነ። ነገሬ ሥራ አለኝ ብሎ ከቤት ወጥቶ ነበር። የግዴታው የአብዮት መዝሙር አልቆ የአዝመራው ዘፈን ሲጀመር ግን ደሜ በሩ አጠገብ ከነቱታው ቆሞ አየችው። እስኪጨርሱ ዓይኗን ከሱ ላይ አላነሳችም። እልልታው ሲቀልጥ እሱ አላጨበጨበም፤ ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዞ ነበር።

ወደ ቤት ሲሄዱ ማዞሪያውን አብረው አለፉ።

«ከታች ያለው ድምፅ ሳስቷል» አላት ነገሬ።

«አውቃለሁ። የቀበሌው ዘበኛ ብቻውን ነው የሚዘፍነው።»

«ድምፁስ ደኅና ነው። ይፈራል እንጂ።» ትንሽ ሄዱ። «ደግሞ ይመጣሉ እንዴ?»

«ከልደት በኋላ አዲስ ዘፈን ይዘው እንመጣለን ብለዋል። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት።»

ልደት አለፈ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ነገሬ ከጋራዥ በጊዜ ወጥቶ አዳራሹ ገባና ከዘበኛው ጎን ቆመ። መኳንንት ምንም ሳይጠይቅ ወረቀት ሰጠው። በመጀመሪያው ዙር አፉ ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ አልወጣውም፤ ደሜም እንዳታሳፍረው ዞራ አላየችውም። በሁለተኛው ዙር ግን ያ የምታውቀው ወፍራም ድምፅ ከኋላዋ፣ ከድምፅዋ ሥር ገባ። መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ወዲያው ረጋ። ወይዘሮ አበበች መዝፈናቸውን ትተው፣ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ይሰሙ ጀመር።