የዘንዶው ሁለተኛ ዓይን

ዘንዶውን በሁለት ዓይን ብስለው አባቴ ቤቱን በአንድ እግሩ አቆመው።

አባቴ አለቃ ሐብተ ማርያም የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲስል አርባ ዓመት ሞላው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሕግ አለው። ጻድቅ ፊቱን ሙሉ፣ በሁለት ዓይን ይሳላል፤ ክፉ ግን በጎኑ ነው፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይሁዳ እንደዚያ ነው። ከጊዮርጊስ ፈረስ ሥር የወደቀው ዘንዶም እንደዚያው።

የእኔ ዘንዶ ሌላ ነው። ቻይና ተምሮ የመጣው መምህር ባህሩ ነው የነገረኝ። የጥንት ቻይናውያን ረግጠውት የማያውቁትን የሰሜን ዳርቻ በሐሳባቸው ጽፈውታል አለኝ፤ ፀሐይ የማይደርስበት የብርድ አገር ነው፣ በዚያም አንድ ዘንዶ ሻማ በአፉ ይዞ ያበራል። ዓይኑን ሲገልጥ ይነጋል፣ ሲጨፍን ይመሻል። ይህን ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት እንድስልለት ጠየቀኝ፤ እኔም አቡጀዲ ወጥሬ ጀመርኩ።

“ሥዕሉስ ሸጋ ነበር” አለ አባቴ። “ግን ዘንዶ ዘንዶ ነው። በጎኑ አድርጊው። አለዚያ የኮሶዬን ሥራ እርሺው።”

ኮሶዬ አዲስ ቤተ ክርስቲያን ታንጿል። ሦስት ዓመት የአባቴን ቀለም ስበጠብጥ ኖሬ፣ የራሴን ግድግዳ የምይዝበት የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። ሴት ምን ግድግዳ ትይዛለች የሚሉኝን ሁሉ አፍ የማስዘጋበት ነው። እውነቱን ልናገር፣ ሥራው እንዳይቀርብኝ ፈራሁ። ግን ንዴቴ ባሰ።

“ምነው አባባ፣ ይሄ ማንን በላ? ብርሃን የሚሰጥ ነው። አንድ ዓይኑን ብነሳው ግማሽ አገር ላጨልም ነው?”

“እንኳየሁ!” ብሎ ስሜን ጠራ። “እኔው አስተካክለዋለሁ” አለና ብሩሹን አነሳ።

ቀኝ ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ዓመት ሆኖታል። ስለዚህ ወደ ሥዕሉ ሲጠጋ እንደ ልማዱ ፊቱን አዙሮ በግራው ብቻ ማየት ጀመረ። ከቆምኩበት አንድ ዓይኑ ብቻ ታየኝ።

“ቁም አባባ። አሁን እንዳለህ ብስልህ፣ ሰው ማን ነው ይልሃል?”

ብሩሹ እጁ ላይ ቀረ። መናገሬ ቆጨኝ፣ ግን ቃሌን አልመለስኩም።

“እኔንማ ፊት ለፊት ነው የምትስዪኝ” አለ ቀስ ብሎ። “ክፉ አይደለሁማ።”

“እሱም አይደለም” አልኩና ብሩሹን ከእጁ ወሰድኩ።