ቁልፉ በግራ የሆነው ኮት

ናምቦዜ የኮቱን ቁልፎች ያየቻቸው የሙሽራውን ወገን የጫነው ሚኒባስ ወደ ሙሽሪት ቤት ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነበር።

ልጇ ካይዚ መስኮቱ ጥግ ተቀምጧል። ረጅሙን ነጭ ቀሚስ፣ ካንዙውን፣ ለብሶ፣ በላዩ ግራጫውን ኮት ደርቦ፣ ለመታወቂያ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ቀጥ ብሏል። አጎቱ ሳሎንጎ ሰዉን ሲያሳፍር "ኮታችሁን ቆልፉ! ተዘርክርካችሁ እንዳታዋርዱኝ!" ብሎ ጮኾ ስለነበር ካይዚም ቆልፎታል። ቁልፎቹ የተሰፉት በግራ በኩል ነው። የቀኙ ክፋይ በግራው ላይ ተደርቧል። የሴት ኮት ነው።

ሚኒባሱ እንዲቆም እጇን አነሳች። ሊሸኙ የወጡት ጎረቤቶች የምትመርቅ መስሏቸው እልል አሉ። ሚኒባሱ የሰፈራቸውን የጋባን ዳገት ወጥቶ ከዓይን ጠፋ።

ናምቦዜ ልብስ ሰፊ ናት። የሐይቁ ዳር ተማሪዎች ዩኒፎርም አብዛኛው ከእሷ ስፌት መኪና የወጣ ነው። የወንድ ቁልፍ በቀኝ፣ የሴት በግራ፤ ከእንቅልፏ ቀስቅሰው ቢጠይቋት እንኳ አትስተውም። ኮቱን ሊገዙ ኦዊኖ ሰልባጅ ተራ የሄዱ ዕለት ግን ያየችው ጨርቁን ነበር፣ ገበሩን ነበር፣ የትከሻውን አቀማመጥ ነበር። ካይዚ ኮቱን የለካው በቲሸርት ላይ፣ ሳይቆልፈው ነው።

እሱ ኮት ለብሶ አያውቅም። የጀልባ ሞተር ይጠግናል፤ ቁምጣና ቤንዚን የጠጣ ሸሚዝ ይበቃዋል። ሠርግ ሲጠራ እንኳ ከሰው ኋላ ቆሞ በልቶ ይመለሳል። የዚያን ዕለት ከክምሩ ውስጥ አንድ ሰፊ ቡናማ ኮት፣ ክርኑ ላይ ቆዳ የተለጠፈበት፣ ስቦ አውጥቶ ነበር።

"ይሄ ይመቸኛል፣ እማ። እጄ ይንቀሳቀሳል።"

"ከሥራ የተባረረ አስተማሪ መስለሃል። አውልቅ!"

"ሰው እያየን ነው።"

"ይይና! አንተ ስለ ልብስ ምን ታውቃለህ? ዕድሜህን ሙሉ ከዓሣ ሽታ ጋር እየተዳበልክ!"

ነጋዴው ወዲያው ግራጫውን አነሳ። "እናት፣ ይሄ የጣሊያን ነው። ወገቡን እዩት፣ እንዴት ይዞ እንደሚያወርደው።" ወገቡ ጠበብ ማለቱን ናምቦዜ የውድ ስፌት ምልክት አድርጋ ወሰደችው። ካይዚ ለበሰው፣ አንገቱን ደፍቶ ደረቱን አየ፣ ከዚያ ዝም አለ። እሷ ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጠረችው።

አሁን በሩ ላይ ቆማ ካይዚ ስልክ ላይ ደወለች። ዝግ ነው። ሳሎንጎ ጋ ደወለች።

"ምን ፈለግሽ?"

"ኮቱ..."

"አንቺ ሴትዮ፣ ገና ከሰፈር ሳንወጣ ጀመርሽ?" ዘጋባት።

ምን እንደሚመጣ ታየኝ አለች ለራሷ። የሙሽሪት የናሳሊ አክስት፣ ወይዘሮ ናኪንቱ፣ ገና ነገሩ ሲነሳ "የጀልባ ጠጋኝ? የወንድሜ ልጅ እኮ ነርስ ናት። አንዲት ጉድለት ላግኝበት፣ በሩን አላስከፍትም" ማለቷን አገር ሰምቷል። በእነሱ ዘንድ ደግሞ የአባት እህት ካልፈቀደች ልጅቷ ከጓዳ አትወጣም። ሴትዮዋ የፈለገችውን ጉድለት ናምቦዜ በገዛ እጇ መርጣ፣ ተኩሳ፣ አልብሳ ልካላታለች። ነገ ሰው ሁሉ ልብስ ሰፊዋ ልጇን የሴት ኮት አልብሳ ላከችው ይላል። ነገ ናሳሊ ለሌላ ትሰጣለች። ካይዚ መጠጥ ይጀምራል። ከጀልባ ላይ ይወድቃል። ሐሳቧ እዚህ ሲደርስ እግሯ ወደ ጎረቤቷ ወደ ካዱ ግቢ እየሄደ ነበር።

ካዱ ወንበር አውጥቶ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሰው ጥቁር ኮት እንዳለው ታውቃለች።

"ጋሽ ካዱ፣ ኮትህን አውሰኝ። ለካይዚ ነው።"

"አጥሬን ገፋህ ብለሽ በሰው ፊት የሰደብሽውን ካዱን ነው የምትፈልጊው ወይስ ሌላ ካዱ አለ?"

"አንተኑ ነው።"

"ሌባ ነው ያልሽኝ።"

"አጥሩን ገፍተሃል። ኮቱን ስጠኝ።"

ካዱን ሳቅ አመለጠው፤ ወዲያው ፊቱን መልሶ አጠቆረ። ገብቶ ኮቱን አመጣ። የእሳት ራት መከላከያ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። "እድፍ ካገኘሁበት ከነልጅሽ ሐይቅ ውስጥ ነው የምከታችሁ" አላት።

ኮቱን በፌስታል አድርጋ በሞተር ታክሲ ተፈናጠጠች። የሙሽራ እናት በትውውቁ ቀን ቤት ትቀራለች፤ ሳሎንጎ ይህን የአባቶች ደንብ ነው ብሎ ደጋግሞ ነግሯታል። በጓሮ በኩል ሰጥቼው እመለሳለሁ፣ ማንም አያየኝም ብላ ራሷን አሳመነች። መንገዱ ተጨናንቋል። "ፍጠን" ስትለው ነጂው "እማማ፣ የሚሞት ሰው አለ?" አላት። "ሊኖር ይችላል" አለችው፤ ከልቧ ነበር።

የሙሽሪት ቤት ያለበት ሙኮኖ ስትደርስ እንግዶቹ ገና ደጅ ናቸው። አርፍዳችኋል ተብለው ከተዘጋው በር ፊት በሁለት መስመር ቆመው ፀሐይ ይበላቸዋል፤ ወንዶቹ በካንዙና በኮት፣ ሴቶቹ ትከሻው በቆመ የጎሜሲ ቀሚስ። ከአጥሩ ወዲያ ድምፅ ማጉያው ያስገመግማል። ናምቦዜ በሙዙ ተክል ውስጥ ሾልካ ከሰልፉ ጀርባ ወጣች።

ሳሎንጎ ቀድሞ አያት። "አንቺ! እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"ኮቱ የሴት ነው።"

"ምን?" ዞሮ የካይዚን ደረት አየ። ከዚያ የራሱን አየ። "የማርያም ያለህ! አንቺ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነኝ ትያለሽ!"

"ስደበኝ፣ በኋላ ግን። ካይዚ፣ ና፣ ቶሎ ቀይር።"

ካይዚ ከቦታው አልተነቃነቀም። ፌስታሉንም አልተቀበላትም። "መልሽው" አለ።

"ቁልፉ እኮ..."

"አውቃለሁ። ገበያ ላይ ገና ስለካው ነው ያየሁት።"

"አይተህ ዝም አልክ?"

"አዎ።"

"ለምን?"

"ብናገር እዚያው ሰልባጅ ተራ መሀል ልትጮኺብኝ ነው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ጥርሱን ግን ነክሷል። "ዛሬ እነሱ ይሳቁብኝ። እነሱ ሲበቃቸው ይተዋሉ።"

"ለአንተ ብዬ እኮ ነው።"

"ሁልጊዜም ለእኔ ብለሽ ነው።"

በዚህ መሀል በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ ናኪንቱ በወርቃማ ጎሜሲ ወጣች፤ ከኋላዋ ለእንግዶቹ ደረት የሚሰካ አበባ የያዙ ልጃገረዶች ተከትለዋታል። ዓይኗ ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር ጠረገና ናምቦዜ ላይ ቆመ። ናምቦዜ የሥራ ቀሚሷን ነው የለበሰችው። ደረቷ ላይ ክር አለ። የመለኪያ ሜትሯም ጠዋት እንደተወችው አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል።

"ይህቺ ደግሞ ልትለካን ነው የመጣችው?" አለች ናኪንቱ። ልጃገረዶቹ ሳቁ።

ከሴቶቹ መስመር አንዷ "እናቱ ናት" ብላ አንሾካሾከች።

"የሙሽራው እናት? ዛሬ? በወንድሜ ደጃፍ?" ናኪንቱ አሁን አልሳቀችም። "ሳሎንጎ፣ እናንተ ቤት ደንብ የሚባል ነገር የለም እንዴ?"

"አጥፍተናል፣ እመቤት" አለ ሳሎንጎ አንገቱን ሰብሮ። "እሷ የራሷን ነው የምትሰማው። ከድሮም እንዲሁ ናት።"

"አንድ ፍየል ትጨምራላችሁ። እሷ ከአጥር ውጭ ትቆይ። ሌላ ሰው በእኔ ቦታ ቢሆን ሰልፉን ሁሉ ይመልሰው ነበር።"

ናምቦዜ አፏን ከፈተች። ካይዚ ተመለከታት። ዘጋችው።

ሰልፉ ገባ። እሷ ባዶው ሚኒባስ ውስጥ የካዱን ኮት ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ምንም አይታያትም፤ ድምፅ ማጉያው ግን አንዲት ቃል አያስቀርም። የሰላምታው፣ የዘር ቆጠራው፣ የቀልዱ ተራ አለፈ። ከዚያ የናኪንቱ ድምፅ መጣ።

"ሙሽራው እስቲ ተነስ። ዙር። እናንተ ሰዎች፣ ይህን ኮት አያችሁት? የሴት ኮት ነው!"

ሳቁ አጥሩን ዘሎ ሚኒባሱ ድረስ ደረሰ። የሙሽሪት ወገን አፈ ጉባኤ ሳይጠየቅ ገባበት። "ምናልባት እኛ ነን የተሳሳትነው፤ እሱ ሊዳር ነው የመጣው!" ሳቁ እጥፍ ሆነ። ናምቦዜ ሜትሯን ከአንገቷ አውልቃ ጣቷ እስኪጠቁር ጠመጠመችው። በቃ፣ አበቃ አለች።

ድምፅ ማጉያው ተንኮሻኮሸ። ካይዚ ነው።

"የሴት ነው" አለ። "አውቄ ነው የለበስኩት። እኔ ሞተር እንጂ ልብስ አላውቅም። የመረጠችልኝ እናቴ ናት፤ ምርጫዋን ደጅ ላይ ልለውጠው አልፈለግሁም። ናሳሊ ከደበራት አወልቀዋለሁ። እሷን ጠይቋት።"

ናምቦዜ ልጇ በሰው ፊት ይህን ያህል ሲናገር ሰምታ አታውቅም። ከሩቅ አንዲት ወጣት ያለ ማጉያ አንድ ነገር አለች፤ ናምቦዜ ቃሉን አልሰማችውም፣ በቅርብ ያሉት ግን ሳቁ። ይህኛው ሳቅ ሌላ ነው።

"እሺ" አለች ናኪንቱ ሳትወድ። "ልጅቷ አይደብረኝም ካለች እኔ ምን ቤት ነኝ። ና፣ አበባህን ልስካልህ። በየት በኩል እንደሚሰካ ግን እንጃልህ።"

እልልታው ተነሳ። ተቀብለውታል። ናምቦዜ ደስታው እስኪመጣላት ጠበቀች፤ አልመጣም። ፍየሉ በእሷ ምክንያት ነው። ያ ሁሉ ሰውም "የመረጠችልኝ እናቴ ናት" ሲል ሰምቷል። ማመስገኑ ይሁን መክሰሱ ልትለየው አልቻለችም።

ሲመለሱ ሳሎንጎ እስከ ጋባ አፉን አልዘጋም። "ዳግመኛ አንቺ ባለሽበት ሽምግልና አልሄድም። ቢጠሩኝ ታምሜያለሁ ነው የምለው።" ካይዚ ከፊት ከሾፌሩ ጎን ነበር። አንድ ጊዜም አልዞረም።

ቤት ሲደርሱ ካዱ ደጃፏ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ኮቱን ተቀብሎ ገልብጦ አየው፣ አሸተተው።

"አልለበሰውም?"

"አልለበሰውም።"

"ታዲያ ምን ልሁን ብለሽ ነው የወሰድሽው?"

"ሂድ፣ ካዱ።"

ሰውየው እያጉረመረመ ሄደ። ጀንበሯ ስትገባ ካይዚ ከክፍሉ በትልቅ ቦርሳ ልብሱን ይዞ ወጣ። ካንዙውን አውልቋል፤ ኮቱን አላወለቀም። ናምቦዜ የጓሮዋን ክፍል ለእሱና ለናሳሊ አስቀብታ፣ መጋረጃ ሰፍታ ነበር። መጋረጃው ዛሬ ጠዋት ነው የተሰቀለው።

"ወዴት ነው?"

"ክፍል ተከራይቻለሁ። ናሳሊ ከምትሠራበት አጠገብ ነው። ሠርጉ እስኪደርስ ብቻዬን እዚያ እሆናለሁ፤ ከዚያ አብረን።"

"መቼ ነው የተከራየኸው?"

"ኮቱን በገዛን ማግሥት።"

"ክፍሉ መቀባቱን እያየህ?"

"እያየሁ።"

"እዚያ አካባቢ ሌባ አለ" አለች።

"እዚህም አለ። ካዱን ጠይቂው።"

በሌላ ቀን ቢሆን ይስቁ ነበር። እሱ ዞር ብሎ ከገመዱ ላይ የቀረውን ሸሚዝ አወረደ። ኮሌታው ተቀዷል፤ ክርኑ ላይም ስፌቱ ተተርትሯል። ለመጀመሪያ ጊዜ አማቶቹ ሊጠይቁት ሲመጡ ይህን ለብሶ ሲያገኙት ታያት። ስፌት መኪናዋ ሁለት እርምጃ ነው። "ስጠኝ፣ አሁን እሰፋዋለሁ፣ እንዲህ ሆነህ አትሄድም" የሚለው ቃል ከጥርሷ ጫፍ ደረሰ። ካይዚም እንደሚመጣ አውቆ እጁን ቦርሳው ዚፕ ላይ አድርጎ ጠበቀ።

"ደህና እደር" አለችው።

ሸሚዙን ከተተና ዚፑን ዘጋ። "ደህና እደሪ፣ እማ።"

ወጣ። ናምቦዜ በወትሮው እስከ ዳገቱ ድረስ በዓይኗ ትሸኘው ነበር፤ ከዚያም ደወል፣ "ደረስክ?"፣ ሌላ ደወል። ዛሬ ግን ስልኳን ስፌት መኪናው ላይ በፊቱ ደፋችው። በሩን ገፋች፣ መወርወሪያውን ወረወረች፣ ቆለፈች።