ካሜራው ላይ የተጣለው ሻሽ

እናቷ ገላቸውን ሊታጠቡ ሲሉ ሁልጊዜ ካሜራው ላይ ሻሽ ይጥሉበታል። ብቻቸውን ስለሚኖሩ ካሜራውን የሳሎኑ ግድግዳ ላይ የሰቀለው ወንድሟ ነው። እሳቸው ግን፣ "ዓይን ያለው ነገር እንግዳ ነው፤ እንግዳ ፊት በፎጣ አልንጎራደድም" ብለው አሻፈረኝ አሉ። ልጅቷም ለምዳዋለች። ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት ሆና በስልኳ ጨለማውን ስታይ "እማ ልትታጠብ ገባች" ትላለች፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሻሹ ይነሳል።

የዚያን ቀን ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ አልተነሳም። ደወለች። ስልኩ እዚያ ቤት ሲጮህ በካሜራው ይሰማታል፤ የሚያነሳው የለም። ጥሪው ሲያበቃ ቀጭን የማቃሰት ድምፅ ሰማች።

"እማ!" ብላ በካሜራው ጮኸች።

"ወድቄ ነው... ዳሌዬን..."

"ታዲያ ለምን አልተጣራሽም? ካሜራው እኮ ይሰማል!"

"ራቁቴን ነኝ። ማን መጥቶ ይየኝ ብዬ ልጣራ?"

ከነነጭ ጋዋኗ ታክሲ ውስጥ ዘላ ገባች። መንገዱ ተዘጋግቷል። በሾፌሩ ስልክ ለእናቷ ጎረቤት ለበያጁ ደወለች፤ ወዲያው ሮጦ ደርሶ በሩን ሲፈለቅቅ በራሷ ስልክ ሰማችው።

"እንዳትገባ!" አሉ እናቷ። "ብሞት ይሻለኛል!"

"ሚስትህን አስገባት" ብላ ለመነችው።

"ገበያ ወጥታለች።"

የእናቷ ድምፅ እየሰለለ ሄደ። "እማ፣ ደም አለ?"

"ከግንባሬ... ትንሽ።"

ልጅቷ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ካልገባ ይሞቱባታል፤ ካስገባችው ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ይቅር አይሏትም።

"እማማ" አለ በያጁ ከደጅ፣ "የብየዳ ጭምብሌን አጥልቄ ልግባ? እሳት ከሌለ በሱ ውስጥ ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ የራሴን እጅ እንኳ አላይም።"

ልጅቷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

"ብርድ ልብሱ ወንበሩ ላይ ነው" አሉ እናቷ በመጨረሻ።

ሰውየው ከግድግዳ ጋር ሲላተም፣ ባልዲ ሲንኳኳ ሰማች። "ወደ ግራህ፣ አንተ! ወደ ግራ!" ሲሉት ጊዜ እያለቀሰች ሳቀች።

ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበር፤ ግንባራቸውም ተሰፋ። ከሆስፒታል ሲወጡ ወንድሟ ካሜራ መታጠቢያ ቤቱም ውስጥ ካልተሰቀለ ብሎ ድርቅ አለ። "አንተን ገላህን ስትታጠብ ብናይህ ትወዳለህ?" አለችውና የሳሎኑንም ነቀለችው። በምትኩ አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ ሲጫኑት ስልኳ ላይ የሚደውል ትንሽ ዕቃ ገዛችላቸው። እናቷ አገላብጠው አዩት።

"ዓይን የለውም?"

"የለውም።"

"ጆሮስ?"

"ስትጫኚው ብቻ።"

አጠለቁት።

ልጅቷ ግን እስከዛሬ ስልኳ በጮኸ ቁጥር እናቷ ዳግም የወደቁ ይመስላታል። ባለፈው ሳምንት የደወለው ወንድሟ ነበር፤ የያዘችው የሽሮፕ ጠርሙስ ግን ከእጇ አምልጦ ወድቆ ተሰባበረ።