ሰባተኛው ዓረፍተ ነገር

«ወይዘሮ ታየች፣ አሁን ያሉትን አንብበውት ነው ወይስ ሰምተውት?»

ጥያቄው የመጣው ባለፈው ሐሙስ፣ ከስዊድን ሆኖ የንባብ ልምምዱን በስክሪን ከሚከታተለው ከዶክተር ተክለማርያም ነበር። ታብሌቱ ላይ ስድስተኛው ዓረፍተ ነገር ፍሪዝ አድርጎ ቆሟል። ታየች ግን አንገቷን ደፍታ፣ ጣቷን በፊደሎቹ ሥር እያስኬደች፣ ሰባተኛውን ብላ ጨርሳ ነበር። ቃል አልሳተችም፣ ትንፋሽ አላጠራትም። ስክሪኑ ላይ ያልነበረውን ዓረፍተ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተወጣችው።

ታየች ሳትመልስ ልጇ ናርዲ ከመኝታ ቤቷ ሆና በእንግሊዝኛ ጣልቃ ገባች፤ ኢንተርኔቱ እያስቸገረ ነው፣ ለልምምድ ይህ ይበቃል አለች። ስብሰባው ተዘጋ። ማታ እናትና ልጅ አንድ ጠረጴዛ ላይ እራት ሲበሉ ስለ ጥያቄው አንዳቸውም አላነሱም። ታየችን ከጥያቄው ይበልጥ ያስፈራት ይህ ዝምታ ነበር።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ልምምዱ አልቋል፤ እውነተኛው ስብሰባ ሊጀመር አርባ ደቂቃ ቀርቶታል። ታየች ታብሌቱን በደረቅ ጨርቅ ወለወለችው፣ አስቀመጠችው፣ መልሳ አንስታ ወለወለችው። ከመስኮቱ ውጭ የአፓርታማው አትክልተኛ በንፋስ ማሽኑ አሸዋውን ከመኪና ማቆሚያው ወደ መንገዱ ያባርራል፤ ነገ ደግሞ ነፋሱ መልሶ ያመጣዋል። ላስ ቬጋስ፣ ሴንቴኒያል ሂልስ የሚባለው ሰፈር ከገቡ ጀምሮ እንዲህ ነው።

ስብሰባው የሚደረግበትን ሥራ ታየች የምትረዳው በራሷ መንገድ ነበር። በአምስት የአውሮፓ አገሮች ያሉ ስምንት ተቋማት አንድ ላይ ገብተዋል። አንዱ የማሽኑን ጆሮ ይሠራል፣ አንዱ ትምህርቱን ይጽፋል፣ ሌላው ይፈትናል፤ ወጪው ከየአገሩ ሕዝብ ግብር ነው። የሚሠሩት መሣሪያ ፊደል ሳይቆጥር ላደገ ሰው ነው፤ ሰውዬው ሲያነብ ያዳምጠዋል፣ የት እንደተደናቀፈ ያውቃል፣ የሚቀጥለውን ትምህርት በዚያ ይመርጥለታል። አማርኛ በአፋቸው እንጂ በዓይናቸው የማያውቁ ሴቶች ዛሬ ቦሎኛ አሉ፣ ጎተንበርግ አሉ። ለሙከራ ብዙ ድምፅ ስላስፈለገ ላስ ቬጋስ ያለው የማኅበረሰብ ማዕከል ዘጠነኛ ሆኖ ተጨመረ፤ ከባሕር ማዶ ያለው እሱ ብቻ ነው። «እንደ እድር ማለት ነው» ብላ ለጓደኛዋ ለፋናዬ አስረድታት ነበር። «ሁሉም የየድርሻውን ያመጣል። የእኛ ድርሻ ድምፅ ነው።»

የማዕከሉ አስተባባሪ ናርዲ ናት። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰችው ከተማው ሁሉ በኮሮና በተዘጋበት፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሃያ ግንቦት ሲሆን ያገኘችው የመጀመሪያ ሥራ ይህ ነው። እዚሁ ተወልዳ አድጋ አማርኛ ትናገራለች፣ ማንበብ ግን አትችልም። ነገሩ ሳይታወቅ አሥር ወር የቆየውም በዚህ ምክንያት ነው።

የተጀመረው በደግነት ነበር። ናርዲ በየሳምንቱ አሥር ዓረፍተ ነገር የታተመበትን ወረቀት፣ ማስክ አድርጋ፣ በማዕከሉ መኪና ማቆሚያ በየመኪናው መስኮት ታድላለች። ተማሪዎቹ ሳምንቱን ተለማምደው ሐሙስ ለታብሌቱ ያነባሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ፋናዬ ስልክ ደውላ አለቀሰች፤ ልጆቿ ፊት ልትዋረድ ነው። እስከ ሰባተኛ ክፍል የተማረችው ኢክራም ይህን ስትሰማ አሥሩንም ዓረፍተ ነገር በድምፅዋ ቀድታ በቴሌግራም ለሁሉም ላከች። ኃጢአት ነው ብሎ ያሰበ አልነበረም። የቄስ ትምህርት ቤትም ይሁን መድረሳ ደጁን የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል፤ መጀመሪያ ጆሮ ይማራል፣ ዓይን በኋላ ይደርሳል። ሌላው ተማሪ፣ ታክሲውን አቁሞ ቤት የዋለው ይልማ፣ በየሳምንቱ መልእክቱን ከሰማ በኋላ ይቀልዳል፦ «ኢክራም፣ ጉንፋን እንዳይዝሽ አደራ። አውሮፓ ቆማ ያለችው ባንቺ ጉሮሮ ነው።»

ታየች ደግሞ ሁለት ጊዜ ከሰማች ይበቃታል። በሆቴል ጽዳት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ የኖረችው በማስታወስ ነው። የማጽጃ መርዙን ጠርሙስ በክዳኑ ቀለም ለየች፤ ሱፐርቫይዘሯ ጠዋት የሚጠራቸውን ክፍሎች አንዴ ሰምታ እስከ ሺፍቷ መጨረሻ ሳትሳሳት ያዘች። እንደማታነብ አንድም ሰው ሳያውቅባት ሆቴሉ ተዘጋ።

ከሁለት ወር በፊት ውጤቱ መጣ። የላስ ቬጋስ ተማሪዎች ከሁሉም ፈጣን ሆነው ተገኙ። ናርዲ ከክፍሏ እየሮጠች ወጥታ ሁለት ወሬ በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት። አንደኛው፣ የፕሮጀክቱ መሪ ማርሊን የላስ ቬጋስ ሥራ በመልካም ካለቀ በመስከረም ቤልጂየም ወስዳ ዶክትሬት ልታስተምራት ቃል ገብታለች። ሁለተኛው፣ የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ትምህርቶች ሊቀሩ ነው። አንድ አንድ ፊደል እያነሱ የሚያስቆጥሩት ማለት ነው። ላስ ቬጋስ ያለ እነሱ እንዲህ ከፈጠነ ለማንም አያስፈልጉም ተብሏል። ታየች ለመጀመሪያው እልል አለች። ሁለተኛው ሆዷ ውስጥ ቀረ።

አሥራ ሁለቱን ትምህርቶች ታውቃቸዋለችና። የናርዲ በር ሲዘጋ ጆሮ ማዳመጫዋን ሰክታ ለብቻዋ ትከፍታቸው ነበር። እዚያ ቀድሞ የሚልላት ሰው የለም። ፊደሉ ይቆማል፣ እሷም ትቆማለች፣ ማሽኑ ይጠብቃል። አራተኛው ትምህርት ብቻ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶባታል። አንድ ቀን ወተት ልታወጣ ስትሄድ ፍሪጁ ላይ አምስት ዓመት የተለጠፈው የባሏ የመታሰቢያ ካርድ ዓይኗን ያዛት። ዋ። ለ። ል። ኝ። ማንም ሳይልላት። ወተቱን ረስታ የፍሪጁን በር እንደያዘች ቆመች። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ብትናገር እስከዚያ ድረስ ሐሙስ ሐሙስ ምን ታደርግ እንደነበር መናገር ሊኖርባት ነው።

ናርዲ ከክፍሏ ወጣች። ከላይ ኮት፣ ከታች የመኝታ ሱሪ ለብሳለች። ታብሌቱን አስተካከለችላት፣ ድምፁን ቼክ አደረገች፣ የእናቷን ነጠላ ከትከሻዋ ላይ ሰብሰብ አደረገችላት።

«ማሚ፣ እንደ ሁልጊዜው አድርጊው። ምንም ቼንጅ አታድርጊ፣ ኦኬ?»

ዓይኗን እያየች አልነበረም። ታየች ይህን ልጅ ጥርስ ካወጣችበት ጀምሮ ታውቃታለች። ናርዲ ነገሩን ታውቃለች ማለት ነው፣ አለች በልቧ። ሳምንቱን ሙሉ ታውቅ ነበር።

«እሺ የኔ እናት» አለቻት።

በሩ ተዘጋ።

ስክሪኑ ላይ አሥራ አንድ መስኮት ተከፈተ። ማርሊን መነጽሯን ወደ ፀጉሯ ሰቅላለች። ተክለማርያም ከኋላው መጽሐፍ ተደርድሯል፣ ከመስኮቱ ውጭ ከወዲሁ መሽቷል። ናርዲ ከግድግዳው ማዶ ናት፤ ድምፅዋ መጀመሪያ በግድግዳው ይመጣል፣ ከዚያ ትንሽ ዘግይቶ በታብሌቱ። ገንዘብ ሰጪዎቹ የላኩት ገምጋሚ ፀጉሩ የነጣ ሰው ሲሆን መጀመሪያ የተናገረው እሱ ነው። ተክለማርያም ተረጎመላት። ለዚህ ሥራ የከፈሉት ዳቦ ጋጋሪዎችና የአውቶቡስ ሾፌሮች ናቸው፣ የእኔ ሥራ ምን አገኙበት ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው፣ ብሏል።

ከዚያ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ወጣ።

አፏ ተዘጋጅቶ ነበር። ማክሰኞ ኢክራም የላከችውን ሁለት ጊዜ ሰምታዋለች፤ ዓይን ይጨፈናል፣ ጆሮ ግን ከሰማ በኋላ ምን ይደረጋል? አሥሩም ዓረፍተ ነገሮች ከምላሷ ሥር ተሰልፈው ይጠብቃሉ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ናርዲ በመስከረም ትሄዳለች፣ ሻንጣዋን አብረው ይገዛሉ፣ ማንም አይጎዳም።

ማንም?

በሐሳቧ አንዲት ሴትዮ ታየቻት። ቦሎኛ ይሁን ሌላ ቦታ አታውቅም፤ ቦሎኛን አይታ አታውቅም። ሴትዮዋ ልጆቿን ትምህርት ቤት ልካ፣ ታብሌት ከፍታ፣ ወጥ ቤት ብቻዋን ተቀምጣለች። የመጀመሪያው ፊደል የለም። ሁለተኛውም የለም። ቀጥታ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይመጣባታል። ትጠብቃለች፣ ማሽኑ ተሳስተሻል ይላታል፣ ደግሞ ትጠብቃለች፣ ደግሞ ተሳስተሻል። ከዚያ ታየች ዕድሜዋን ሙሉ ያሰበችውን ታስባለች፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔ ነኝ የማይገባኝ። ኢክራም የሌላት ሴት።

ታየች ጣቷን ከስክሪኑ አነሳች።

«ዶክተር፣ ባለፈው የጠየቁኝን ልመልስ።»

ተክለማርያም ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።

«ሰምቼው ነው። አሥሩን ወር ሁሉ ሰምቼ ነው። ሌሎቹም እንደኔው።»

ከጀመረች በኋላ ቀሪው ቀለለ። ወረቀቱ ቀድሞ እንደሚመጣ፣ አንዲት ማንበብ የምትችል ሴት ለሌሎች አዝና እንደምትልክላቸው፣ ሴትዮዋን እንዳይቀየሟት፣ ቀጥይበት ብላ የለመነቻት ታየች ራሷ እንደሆነች ነገረችው። ስሟን አልጠራችም። ያ ሁሉ ፍጥነት የጆሮ እንጂ የዓይን እንዳልሆነ ነገረችው። ስለ አሥራ ሁለቱም ትምህርቶች ነገረችው። እሷ አሁን የምታውቃትን ጥቂት ያወቀችው በእነሱ ብቻ ነው፤ እነሱን ማውጣት ደረጃውን አውጥቶ ሰውን ፎቅ ውጣ እንደ ማለት ነው።

ሌሎቹ ምንም ሳይገባቸው ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ። ማርሊን ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፤ ሴትዮዋ ያመሰገነች መስሏታል።

ተክለማርያም ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ወይዘሮ ታየች፣ ይህን ልተርጉመው?»

ገባት። በሩን ገርበብ አድርጎ እየተወላት ነው። ኢንተርኔቱ አስቸገረ፣ ደነገጥኩ፣ አሞኛል፤ አንዱን ብትል እሱ ይችልበታል። ከግድግዳው ማዶ ወንበር ሲንቋቋ ሰማች። እዚህ ስብሰባ ላይ ተክለማርያምንና እሷን ትቶ አማርኛ የሚሰማ አንድ ሰው ብቻ አለ።

«ይተርጉሙት» አለች። «ሳይቀንሱ።»

ተረጎመ። ረጅም ጊዜ ወሰደ። ታየች የሰዎቹን ፊት አንድ በአንድ አየች፤ ፈገግታው ከመስኮት ወደ መስኮት እየጠፋ ሄደ፣ ሆቴሉ የተዘጋ ሌሊት መብራቱ ከፎቅ ወደ ፎቅ እንደጠፋው። ማርሊን መነጽሯን አውርዳ አጠለቀችና አንድ አጭር ጥያቄ ጠየቀች። ጥያቄው ለናርዲ ነበር። ታየች ለዚህ የሚሆን እንግሊዝኛ አላት፦ አንቺ ታውቂ ነበር?

አትክልተኛው ማሽኑን አጥፍቶ ኖሮ ቤቱ ጭር ብሏል።

«የስ» የሚለው መጀመሪያ በግድግዳው መጣ። ቀጥሎ በታብሌቱ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ፣ አለች ናርዲ፣ እሱም ሁለት ጊዜ ተሰማ። ታየች ዓይኗን ጨፈነች። ልጄ ልትዋሽ ትችል ነበር፣ አለች በልቧ፤ ኩራቱና ሕመሙ በአንድ ጊዜ መጣባትና የቱ የቱ እንደሆነ አልለየችውም።

ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛው ፈጠነባት። ገምጋሚው ጻፈ። ማርሊን ብዙ ተናገረች፣ ድምፅዋን ግን አላነሳችም። በመጨረሻ ተክለማርያም ጠቅልሎ ነገራት። የላስ ቬጋስ ቅጂዎች በሙሉ ይወጣሉ። ላስ ቬጋስም በወሩ መጨረሻ ከፕሮጀክቱ ይወጣል፤ ተቋማቱ እንደ ድሮው ስምንት ይሆናሉ። አሥራ ሁለቱ ትምህርቶች እንደገና እስኪፈተሹ ባሉበት ይቆያሉ። ስለ መስከረም ለመናገር ማርሊን ጊዜ ትፈልጋለች፣ አለ፤ ይህን ሲል ዓይኑን ሰበረ።

አሁን የሻይ ዕረፍት ነው ተባለ።

«ዶክተር» አለች ታየች። «ያላየሁት ነገር ካለ ይስጡኝ። ልብ ያድርጉልኝ፣ ለፈተና አይደለም። ልወጣ ነው፤ ሳላነብ አልውጣ።»

ተክለማርያም ለሌሎቹ ነገራቸው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ መጻፍ ጀመረ። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ ወጡ፤ ከዚያ ደቂቃ በፊት በዓለም ላይ ያልነበሩ፣ ኢክራም ያልሰማቻቸው፣ ማንም ያልላቸው ሁለት መስመሮች።

ጣቷን ከመጀመሪያው ፊደል ሥር አኖረች።

«አ» አለች። ጠበቀች። «አው... ቶ...»

አንደኛው ቃል ላይ ላብ ያዛት። የሚቀጥለው ፊደል ከአንዱ ወንድሙ ጋር ተምታታባት፤ ወደ ኋላ ተመለሰች፣ እንደገና ተነሳች። የአንድ ሰው መስኮት ሲዘጋ የምታውቀው ትንሽ ድምፅ ከታብሌቱ ተሰማ፤ አንድ ሰው ወጣ። ቀና አላለችም። «አውቶቡሱ።» ሌላ ድምፅ፣ ሌላም። ለሻይ ይሆናል፣ ለሌላም ይሆናል። «ዘ... ግ... ይ...» ምላሷ ቀድሞ ሊገምት ሲል ያዘችው፤ ዓይኗ እስኪደርስ አስጠበቀችው። «ዘግይቷል።» ከግድግዳው ማዶ በር ተከፈተ፣ በኮሪደሩ እግር አለፈ፣ ከኋላዋ ለአፍታ ቆመ። ትከሻዋ ላይ የሚያርፍ እጅ ጠበቀች። መስመሩን ግን አልለቀቀችም፤ ብትለቅ መልሳ አታገኘውም። የቁልፍ ድምፅ ተሰማ፣ ቀጥሎ የውጭው በር።

«ሴትዮዋ» አለች ታየች። «ሴትዮዋ ግን... አ... አል... ሄደችም።»

ድጋሚ ከመጀመሪያው አነበበችው፣ ሳትቆም፦ «አውቶቡሱ ዘግይቷል። ሴትዮዋ ግን አልሄደችም።»

ቀና አለች። ከእሷ በቀር ሁለት መስኮት ቀርቷል። ተክለማርያም አለ። አማርኛ የማይሰማው ነጭ ፀጉራም ገምጋሚም እስክሪብቶውን አስቀምጦ አለ። ማርሊን ወጥታለች። ናርዲም ወጥታለች።