ቀማሿ

ሐኪሙ የጡት ካንሰር መሆኑን ከነገራት በኋላ ቅጽ መሙላት ጀመረ። እሷ የሌላ ሰው ወሬ እንደምትሰማ ሁሉ እጁን ታያለች።

«አልኮል ይጠጣሉ?»

«ኧረ በአፌ ዞሮም አያውቅ!»

«አይጠጡም» ብሎ ጻፈ። አብራት የመጣችው ታናሽ እህቷ ግን አላስቻላትም።

«እትዬ፣ ሥራሽስ?»

«ሥራ ሌላ፣ መጠጣት ሌላ።»

እውነቷን ነው እኮ። ግብዣ ላይ ብርጭቆዋን ደፍታ የምትቀመጥ፣ ባሏን ለአንድ ቢራ ቁም ስቅሉን የምታሳይ ሴት ናት። መጠጥ ፋብሪካው ውስጥ ግን አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሷ ቀምሳ «ይታሸግ» ሳትል የታሸገ አረቄ የለም።

«ቀምሰው ይተፉታል?» አለ ሐኪሙ።

«ተተፍቶማ ምኑ ይታወቃል? የሚለየው ጉሮሮ ላይ ነው።»

«በቀን ስንቴ?»

«ጠዋት አስራ ሁለት ጊዜ፣ ከሰዓት አስራ ሁለት ጊዜ። ያውም ጉንጭ ጉንጭ ብቻ።»

ሐኪሙ የጻፈውን ሰረዘ። የእሷ ሕመም ከዚያ መጣ ማለት እንደማይችል፣ ነገር ግን አልኮል ጥቂትም ቢሆን በጡት ካንሰር የመያዝን ዕድል እንደሚጨምር፣ ሰውነት ደግሞ የሥራ ነው የመዝናኛ ነው ብሎ እንደማይለይ ቀስ ብሎ ነገራት። እህቷ ተንሰቀሰቀች። እሷ እንባ እንኳ አልመጣላትም።

ነርሷ ውሃ ሰጠቻት። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስታ በብርሃን አየችው፤ አዟዟረችው፤ አሸተተችው። ከዚያ አንዴ ተጎነጨችና ጉሮሮዋን እስኪያልፍ ጠበቀች።

«ደህና ነው» አለች። «ይታሸግ።»